ጎርጎራ፦ ገዳሙ፣ ግንቡና ያልመጣው አፈር

በሎስ አንጀለስ የምትኖሩ ሁሉ እንደምታውቁት፣ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል ባለችው አጭር ሰፈራችን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የማይነሣ ወሬ የለም። የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ስም ከሰጣት በኋላም ሆነ ከዚያ በፊት ሰፈሯ ያው ሰፈር ናት። ቡናና በርበሬ ይሸታል፤ የመኪና ማቆሚያ ይጠፋል፤ አንዱ ስለ ቤት ኪራይ ያማርራል፤ ሌላው ስኒውን ሳያስቀምጥ መንግሥት ይገለብጣል። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ አንባቢ እንዳይደናገር አስቀድሜ ልናገር።)

የዚህ ጽሑፍ ነገር የተጀመረውም እዚያው ነው። በ2017 መጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ ከታክሲ ሥራዬ ወጥቼ ቡና ልጠጣ ብገባ፣ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ይመታሉ። ክርክሩ የጎንደርን ግንብ ማን ሠራው የሚል ነበር። አንደኛው፣ «ምን ያከራክራል? ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት፤ እኛማ ከጎጆ በቀር ምን እናውቅ ነበር!» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «አንተ የፈረንጅ ሎሌ! ፖርቹጋሎቹ ተባረው ከሄዱ በኋላ የተሠራውን ግንብ በምን ቀን ሠሩት? በህልማቸው?» ብሎ ይመልሳል። እንደ ልማዳችን ነገሩ ከግንብ ተነሥቶ ወደ ፖለቲካ፣ ከፖለቲካ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ዘር ማንዘር ዞረ። በመጨረሻ ሁለቱም ተነሥተው ወጡ። ሒሳቡን የከፈለ አልነበረም።

በማዕዘኑ ላይ ብቻቸውን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙ። እኛ በሰፈሩ «አባባ» እያልን እንጠራቸው ነበር። የደምብያ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን በመተማ በኩል በእግራቸው ወጥተው፣ በሱዳን ገዳሪፍ ጥቂት ዓመታት ከርመው፣ አሜሪካ በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ ከመጡት ወገኖቻችን አንዱ ነበሩ። ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ ለጥምቀት ጎንደር ትሄዳለህ ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?»

«አዎ አባባ፤ እግዜር ካለ።»

«እነዚህ ሰዎች ስለማያውቁት ግንብ ይጣላሉ። እኔ ጥጃ ስጠብቅ ዝናብ ሲመጣ የምጠለለው ሱስንዮስ ግንብ ውስጥ ነበር። በላዩ ድንጋይ ላይ ጽጌረዳ ተቀርጿል። ጣሪያው እንደ ድንኳን ጎብጦ፣ ብትጮህ ይመልስልሃል። አሁን ቆሟል ወይስ ወድቋል? ሄደህ ይህን እይልኝ። ሁለተኛ፣ ከደብረ ሲና ማርያም ግቢ እፍኝ አፈር አምጣልኝ። የሌላ ነገር አደራ የለብህም።»

አደራውን ተቀበልኩ። ለምን አፈር እንደፈለጉ አልጠየቅኋቸውም። ሰማንያ የደረሰ ሰው አፈር ሲጠይቅ «ለምን?» አይባልም።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ስድስት ኪሎ ነው ያደግሁት። ጎንደርን በትምህርት ቤት መጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አላውቃትም ነበር፤ ጎርጎራን ደግሞ ስሟን እንኳ በደንብ ያወቅሁት ከአባባ ነው። ጥምቀቱን አክብሬ፣ የፋሲልን መዋኛ አይቼ፣ በማግስቱ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ከጎንደር ወደ አዘዞ ይወርድና በደምብያ ሜዳ ውስጥ በቆላ ድባ በኩል አልፎ ጣና ዳር ይደርሳል፤ ከስድሳ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል።

አዘዞን ብዙዎቻችን የምናውቃት በአውሮፕላን ማረፊያዋ ነው። ነገር ግን ዐፄ ሱስንዮስ ያሠሩትና ኋላም የተቀበሩበት ገነተ ኢየሱስ ያለው እዚያው ነው። የጎርጎራን ግንብ ታሪክ የሚፈልግ ሰው፣ ሳያውቀው ከንጉሡ መቃብር ጎን ጉዞውን ይጀምራል ማለት ነው። እኔም በሚኒባሱ መስኮት አየሁና አለፍኩ፤ ስመለስ ግን ቆሜበታለሁ፤ እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ከአዘዞ በታች ያለው የደምብያ ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ክረምት እግር ይይዛል፤ በጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። በጥር ወር ግን ሽምብራውና ጓያው በቀረችው እርጥበት ያድጋል። ጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ከየት እንደመጣሁ ጠይቀው፣ «ሎስ አንጀለስ» ስላቸው፣ «እሷ ከባሕር ዳር ትርቃለች?» አሉኝ። «ትንሽ ትርቃለች» አልኳቸው። ከያዙት የተቆላ ሽምብራ ግማሹን እጄ ላይ አፈሰሱልኝ።

ጎርጎራ ትንሽ ከተማ ናት። ትልልቅ ዋርካዎች፣ ወፎች፣ የጀልባ ወደብ፣ ከዚያ ወዲያ ውኃ ብቻ። ጣና ስፋቱ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከሰሜኑ ዳር ቆሞ ደቡቡን ማየት አይቻልም፤ ሰማይና ውኃ ይገናኛሉ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ የሚመጣው ጀልባ መጨረሻው እዚህ ነው። ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 ባለው ዘመን እዚህ ሲሠሩ፣ ከከተማው በላይ ባለ ኮረብታ ለሙሶሊኒ መታሰቢያ የሚሆን ዓምድ አቁመው ነበር። ወጥቼ አየሁት። ከታች ደርሶ የሚሰግድለት አልነበረም፤ ሁለት ፍየሎች ጥላው ሥር ተኝተዋል። አምስት ዓመት ለመግዛት ይህን ያህል ድንጋይ ማቆም ምን ይባላል?

ከዳር ዳር ደንገል በቅሏል፤ ዓሣ አጥማጆቹ በእሱ በተሠራ ታንኳ ይቀዝፋሉ። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ሲከብድ ይጥሉትና ሌላ ይሠራሉ። ከደንገሉ ጎን ግን ያልተዘራ አረንጓዴ አረም ተንጣሎ አየሁ። እንቦጭ ነው። በ2011 በሐይቁ ላይ ታየ ተብሎ ከተመዘገበ ወዲህ በተለይ ይህን ሰሜናዊውን የደምብያን ዳርቻ ወርሮታል። አበባው ሲያዩት ያምራል፤ ሥሩ ግን የዓሣውን መራቢያ ይዘጋል፣ ጀልባ ያስቆማል። አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ «በእጃችን ነቅለን ስንከምር ውለን በማግስቱ ስንመጣ ያው ነው» አለኝ።

ደብረ ሲና ማርያም ከወደቡ ብዙ አይርቅም። ገዳሙ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን፣ በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት እንደተመሠረተ መነኮሳቱ ይናገራሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ጣሪያው የሣር ክዳን ነው። ከውጭ ሲያዩት የአንድ ትልቅ ገበሬ ቤት ይመስላል፤ ዛፎቹ ደግሞ ከልለውታል። ሲገቡ ግን ሌላ ዓለም ነው። የመቅደሱ ግድግዳ በአራቱም ፊት በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ሥዕሎች ተሸፍኗል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ይወጋል፤ ጻድቃኑ ባለ ትልልቅ ዓይን ሆነው ይመለከታሉ። ቀለሙ ቀይና ቢጫ ነው፤ ጥላ የለውም፤ መስመሩ ግን አይንቀጠቀጥም። ሥዕሎቹን ያሠራችው የዐፄ ፋሲል ዘመድ መለኮታዊት ናት ይባላል።

የተቀበሉኝ መነኩሴ በሻማ እያበሩ አሳዩኝ። «ይህን ሁሉ ያሣለው ሰው ያዘነ ሰው ነበር፤ ሀገር ከተጣላች በኋላ የተሣለ ነው» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር። ግንቡን ካየሁ በኋላ ነው የገባኝ።

ግንቡ ያለው ከከተማው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ በገባ የመሬት ምላስ ላይ ነው። በእግርም ይኬዳል፤ እኔ በጀልባ ሄድኩ። የሀገሬው ሰው ማርያም ግንብ ወይም ሱስንዮስ ግንብ ይለዋል፤ ቦታውንም አሮጌ ጎርጎራ ይሉታል። የሚያስቀው ነገር፣ ፖርቹጋሎቹ በጽሑፋቸው ይህንኑ ቦታ አዲስ ጎርጎራ ብለው ነበር የሚጠሩት። አራት መቶ ዓመት ሲያልፍ አዲሱ አሮጌ ሆነ። ፌርፋክስም አንድ ቀን እንዲህ ትሆን ይሆናል!

እንግዲህ ታሪኩ እንዲህ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል፣ በ1564 በስፔን ኦልሜዳ በምትባል የገጠር መንደር የተወለደ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ፣ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በመንገድ ተይዞ በየመን ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ ቆየ። ተፈትቶም ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1603 በምፅዋ በኩል ገባ። አማርኛና ግዕዝ ተማረ። ብልህ፣ ትዕግሥተኛ፣ በእጁ መሥራት የሚወድ ሰው ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1607 ከነገሡ በኋላ ወደዱት። በ1618 ሚያዝያ ከንጉሡ ጋር ወርዶ የግዮንን ምንጭ ያየው እሱ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ «እኔ ነኝ ያገኘሁት» እያለ የደረሰው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በ1770 ነበር። የሰከላ ገበሬ ደግሞ ከሁለቱም በፊት ከብቱን ያጠጣበት ነበር፤ ያም ሆነ ይህ።

ሱስንዮስ በ1610ዎቹ ጎርጎራን መቀመጫቸው ሲያደርጉ፣ ፓኤዝ እንደ ግንበኛ እጅጌውን ሰብስቦ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት አሠራላቸው። የሀገሩ ሰው ቤት በቤት ላይ ሲሠራ አይቶ ተደነቀ። የቤተ ክርስቲያኑም ሥራ ተከተለ። ፓኤዝ በግንቦት 1622 እዚሁ ጎርጎራ አረፈ፤ በዚያው ዓመት ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን በይፋ ተናግረው ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት በ1620ዎቹ ሥራውን አስፋፉት።

ችግሩ ከእሱ በኋላ የመጡት ሰዎች የእሱን ትዕግሥት ይዘው አለመምጣታቸው ነው። በ1625 ፓትርያርክ ተብሎ የመጣው አፎንሶ ሜንዴስ፣ በ1626 ንጉሡንና መኳንንቱን በደንቀዝ ለሮማው ጳጳስ ታማኝነት አስማለ። ከዚያ ወዲያ ምእመኑ እንደገና ይጠመቅ፣ ቄሱ እንደገና ይካን፣ ጾሙና በዓሉ ይለወጥ፣ ቅዳሜን ማክበር ይቅር ተባለ። ገበሬው ምን ይበል? አያቱ የጾመውን ጾም ስሕተት ነው ሲሉት፣ ያባቱ ክርስትና ክርስትና አልነበረም ሲሉት፣ ጦሩን አነሣ።

ነገሩ ቀድሞም ደም ያስተፋ ነበር። በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስ ሸፍቶ ሲወጋ ከአቡነ ስምዖን ጋር በአንድ ቀን ሞቱ። ከ1626 በኋላ ግን ሀገሩ ሁሉ ነደደ። አንድ ቤተሰብ ለሁለት ተከፈለ፤ የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ለሮማው ሃይማኖት ግንባር ቀደም ሆነው ሲቆሙ፣ ሌላው ዘመድ በጫካ ተሰደደ። ከሴቶቹ መካከል ወለተ ጴጥሮስ የምትባለው ወይዘሮ (1592–1642) የንጉሡ ባለሟል ከሆነው ባሏ ተለይታ መነኮሰች፤ ታሰረች፣ በግዞት ተላከች፣ አልተበገረችም። ተከታዮቿን ሰብስባ በዚሁ በጣና ዙሪያ ማኅበር መሠረተች፤ ገድሏም ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተጻፈ። ስደተኛን የሚያስተዳድር፣ የተራበን የሚያበላ፣ የተጣላን የሚያስታርቅ ማኅበር ነበር። እኛ ስደተኞች ከነገሥታቱ ይልቅ ይህችን ሴት ብናጠናት የሚጠቅመን ይመስለኛል።

በ1632 ሰኔ የላስታው ገበሬ ጦር ከንጉሡ ጦር ጋር ወይና ደጋ ላይ ተዋጋ። ንጉሡ አሸነፉ። ሜዳው ሬሳ በሬሳ ሆነ። ሽማግሌዎችና መኳንንት ንጉሡን በሬሳው መካከል እየመሩ፣ እነዚህ የሞቱት ባዕድ አይደሉም፣ የገዛ ወገኖችዎ ናቸው አሏቸው ተብሎ ይተረካል። ሱስንዮስ በዚያው ወር አዋጅ አስነገሩ፤ የአባቶች ሃይማኖት ይመለስ፣ ልጃቸው ፋሲል ይግዛ ተባለ። በመስከረም ሞቱ። እሳቸው በልባቸው የሮማን ሃይማኖት እንደያዙ ነው የሞቱት ብለው ኢየሱሳውያኑ ጽፈዋል። ይህ እውነት ከሆነ፣ ንጉሡ ያመኑበትን ሳይተዉ ሕዝቡ ያመነበትን እንዲይዝ ለቀቁለት ማለት ነው። ካሸነፉ በኋላ ሥልጣን መልቀቅ በሀገራችን ታሪክ ስንት ጊዜ ታየ? አንባቢ በጣቱ ይቁጠር።

ፋሲል ኢየሱሳውያኑን በ1633 ወደ ትግራይ ወደ ፍሬሞና፣ ቀጥሎም በ1634 ከሀገር አስወጡ። የጎርጎራው ግንብ ባዶ ቀረ። ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው። ስለዚህ የፌርፋክሱ ጠብ ላይ እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። ፖርቹጋሎቹ የጎንደርን ግንብ አልሠሩም፤ ዘመኑ አይገጥምም። ከፓኤዝ መምጣት በፊትም፣ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን (1563–1597) ተሠራ የሚባለው የጉዛራ ግንብ እንፍራዝ አጠገብ ዛሬም አለ። ነገር ግን ከነሱ ምንም አልተማርንም ማለትም ውሸት ነው። ኖራ አቃጥሎ ድንጋይ ማያያዝ፣ ቅስት ማጉበጥ፣ እነዚህን ኢየሱሳውያኑ ከሕንድ ይዘዋቸው ከመጡ ግንበኞች ጋር እዚህ ጎርጎራ አካባቢ ሠርተዋል። ሃይማኖታቸውን መለስን፣ ኖራቸውን አስቀረን። ብልህ ሕዝብ የሚያደርገው ይህን ነው። ሁለቱም ተከራካሪዎች ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘው ነበር፤ ጠረጴዛ መምታት አያስፈልግም ነበር።

አሁን ወደ አደራዬ ልመለስ። ከጀልባው ወርጄ በቁጥቋጦ መካከል ወጣሁ። ግድግዳው በከፊል ቆሟል። ደግሞም ከምጠብቀው በላይ ነው፤ ድንጋዩ ተጠርቦ፣ ማዕዘኑ ተስተካክሎ፣ በየቦታው የጽጌረዳ ቅርጽ ተፈልፍሎበታል። አባባ አልዋሹም። ነገር ግን እንደ ድንኳን የጎበጠው፣ ሲጮሁበት የሚመልሰው ጣሪያ የለም። መሬት ላይ ነው። ጽጌረዳ የተቀረጸበት ድንጋይ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ሣር በቅሎበታል። በላዩ ላይ ሾላ ሥሩን ሰድዶ የቀረውን ግድግዳ ይፈለቅቃል። ጮህኩ። የመለሰልኝ ሐይቁ እንኳ አልነበረም።

ያመጣኝ ልጅ፣ ከስፔን የመጡ አርኪዮሎጂስቶች እንደቆፈሩ ነገረኝ። እውነት ነው፤ ከ2006 ጀምሮ የስፔን ቡድን ለተወሰኑ ዓመታት እነዚህን የኢየሱሳውያን ፍርስራሾች አጥንቷል። ደግሞም ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ዩኔስኮ በ1979 የጎንደርን ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ይህ ማርያም ግንብና የጎርጎራ ገዳምም አብረው ተመዝግበዋል። መመዝገብ ግን መጠገን አይደለም።

አንድ ነገር ሐሳቤ ውስጥ ገባ። እዚህ እኛ ዘንድ፣ ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ፣ ሳን ገብርኤል የሚባል የስፔን ካቶሊኮች ሚሲዮን አለ፤ በ1771 የተመሠረተ። ጎርጎራ ግን ከእሱ በመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ይቀድማል። የማኅበሩ ስም ይለያይ እንጂ ሰዎቹ ኖራና ቅስት የሚያውቁ ቄሶች ናቸው። በካሊፎርኒያ ግን ቄሱ ከወታደር ጋር ነው የመጣው፤ የቶንግቫ ሕዝብ መሬቱንም፣ ቋንቋውንም፣ ብዙ ነፍስም አጣ፤ ሚሲዮኑ ግን ቆመ። በ2020 ጣሪያው በእሳት ሲቃጠል እንኳ ተጠግኖ እንደገና ተከፈተ። በጎርጎራ ሕዝቡ ሃይማኖቱንና ሀገሩን አተረፈ፤ ግንቡ ወደቀ። ከሁለቱ የትኛውን ትመርጣላችሁ ብትሉኝ መልሱ ግልጽ ነው። ቢሆንም አራት መቶ ዓመት የራስ የሆነን ግንብ አሁንም የባዕድ እንደሆነ አድርጎ ሾላ እንዲበላው መተው ግን ድል አይባልም።

ወደ ደብረ ሲና ተመልሼ መነኩሴውን አፈሩን ጠየቅኋቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ራሳቸው ዝቀው በላስቲክ ቋጠሩልኝ። ለማን እንደሆነ ስነግራቸው ስማቸውን ጠይቀው ለጸሎት ያዙ፤ «ይህንም ጨምርላቸው» ብለው ጥቂት እምነት በወረቀት ጠቀለሉልኝ።

ማታ ጎንደር ሆቴል ውስጥ ከአንድ የዋሽንግተን ሰው ጋር ስንጫወት፣ አፈር ወደ አሜሪካ ማስገባት ያለ ፈቃድ ክልክል እንደሆነ፣ በጉምሩክ ቅጹም ላይ በስሙ ተጠቅሶ እንደሚጠየቅ ነገረኝ። «ደብቀህ አስገባው» አለኝ። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። በቤተ ክርስቲያን አፈር ላይ ልዋሽ? ጠዋት ወደ አውሮፕላን ስሄድ አዘዞ ላይ ወረድኩና ገነተ ኢየሱስ ቅጥር ውስጥ፣ ከንጉሡ ማረፊያ አጠገብ፣ የጎርጎራን አፈር አፈሰስኩት። ከግንባቸው ያመጣሁላቸው መስሎኝ ትንሽ ተጽናናሁ። ለአባባ ምን እንደምል ግን አላውቅም ነበር።

በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ፌርፋክስ ሄድኩ። አባባ በማዕዘናቸው ነበሩ። እምነቱን ሰጠኋቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩ። ከዚያ ስለ አፈሩ ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«አፈር ክልክል ነው?»

«አዎ አባባ፤ ሕግ ነው።»

«እኔስ አፈር አይደለሁም ወይ? ታዲያ እኔን ምን ብለው አስገቡኝ?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በጎን ያሉትም ሰምተው ሳቁ። ከዚያ ግን ፈገግታቸው ጠፋና፣ «ጣሪያውስ?» አሉ።

ልዋሻቸው አስቤ ነበር። ፎቶግራፉን አወጣሁና ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። በጣታቸው የወደቀውን ድንጋይ ነክተው፣ «ይህቺ እኔ የምቀመጥበት ፊት ለፊት ያለችው ናት» አሉ። ቀጥለውም፣ «መልካም፤ እኔም ወድቄያለሁ፣ እሱም ወድቋል፤ እኩያዬ ነው። አንተ ግን ያየኸውን ጻፈው። እዚህ ጠረጴዛ የሚመቱት ያንብቡት» አሉኝ።

እሺ አልኩ፤ አልጻፍኩም። ሥራ፣ ኪራይ፣ ልጆች፤ የስደት ሰበብ መቼ ያልቃል! ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆነ። በ2020 ጎርጎራ «ገበታ ለሀገር» በተባለው ፕሮጀክት ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ተመረጠችና በሐይቁ ዳር ትልቅ መዝናኛ ተሠራላት። ከ2023 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ውጊያ ተነሥቶ፣ ያ በሽምብራ መካከል በሰላም የሄድኩበት መንገድ ሌላ መንገድ ሆነ። ሽምብራ ያፈሰሱልኝን እናት አስባቸዋለሁ። ሱስንዮስን በሬሳው መካከል የመሯቸውን ሽማግሌዎችም አስባቸዋለሁ።

አባባ ባለፈው ዓመት አረፉ። የካሊፎርኒያን አፈር ለበሱ። ሲገነዙ ያቺ ከደብረ ሲና የመጣች እምነት ከኪሳቸው ተገኘች፤ ግማሿን ተቀብተውባታል፣ ግማሿ በወረቀቷ ነበረች። አብራቸው ተቀበረች። በቀብሩ ላይ እነዚያ ስለ ግንቡ የተጣሉት ሁለት ሰዎች ሳጥኑን ከወዲህና ከወዲያ ሆነው ተሸክመው ነበር። አልተነጋገሩም፤ ግን እርምጃቸውን አስተካክለው ነው የሄዱት።

እንግዲህ አባባ፣ ዘግይቼም ቢሆን ጻፍኩት። ጣሪያው ወድቋል፤ ግድግዳው ግን ቆሟል፤ ጽጌረዳውም ይታያል። አንባብያን ሆይ፣ ሰላም ሲወርድ ጎንደር የምትሄዱ ሁሉ አንድ ቀን ጨምራችሁ ጎርጎራ ውረዱ። ሻማ ይዛችሁ ሂዱ፤ መቅደሱ ጨለማ ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።